ወንዙን ዳቦ ያለችው ሴት

በእኛ ወንዝ ላይ ድልድይ የለም። ከኦስሊ ወደ ሲምስተን መሻገር የፈለገ ሰው ወይ በመኪና አሥራ አንድ ማይል ይዞራል፣ ወይ በእንጨት መሳፈሪያው ጫፍ የተሰቀለችውን ደወል ጎትቶ አቭሪል ኪንድሬድን ይጠራል። እኔ ሃያ ሁለት ዓመት ያችን ደወል ስጎትት ኖሬአለሁ። ቤቴ ኦስሊ ነው፤ ሥራዬ ማዶ ሲምስተን፣ ዓሣ በጭስ የምናደርቅበት ቤት። ጠዋት ሳሙና ሳሙና እየሸተትኩ እሻገራለሁ፣ ከሰዓት በኋላ ጭስ ጭስ እየሸተትኩ እመለሳለሁ። አቭሪል ሲመሽ አፍንጫዋን ይዛ «ግራሃም፣ አንተ ከኋላ ተቀመጥ፤ ነፋሱ ይብላህ» ትለኝ ነበር።

አባቷ ቀዛፊ ነበር፣ አያቷም እንዲሁ። እሷ አጠር ያለች፣ ትከሻዋ እንደ ወንድ የሰፋ፣ የአባቷን የሱፍ ኮፍያ በበጋም የማታወልቅ ሴት ናት። ቀዛፊ ጀርባውን ለሚሄድበት ዳርቻ ሰጥቶ ነው የሚቀመጠው። አንድ ጊዜ ከከተማ የመጣ ሰው «እመቤቴ፣ ፊትሽን አዙረሽ የምትሄጂበትን እንዴት ታዪዋለሽ?» ቢላት፣ «አላየውም፤ እሱ ራሱ ይመጣል» አለችው።

ገጣሚ መሆኗን የምናውቅ እናውቃለን፤ የማያውቅ ደግሞ የምትጸልይ ይመስለዋል። ስትቀዝፍ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። የባሕሩ ውሃ ገብቶ ሲሞላ ወንዙን ለማቋረጥ ስልሳ ቅዝፊያ ይበቃል፤ ወደ ባሕር ሲመለስ ግን ሰማንያ ይፈጃል። ግጥሞቿ የሚሠሩት በዚያ ርዝመት ነው፤ በአንዱ ዳር ይጀመራሉ፣ በሌላው ዳር ያልቃሉ። ወረቀት ጀልባ ላይ አትይዝም። ሳምንቱን ሙሉ ስትመላለስ በአፏ ታሸዋለች፣ እሑድ ዕለት ካልረሳችው ትጽፈዋለች። «የረሳሁት ከሆነ ወንዙ ወስዶታል፣ ይውሰደው» ትላለች። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ያየን ደንበኞች ዝም እንላለን። አንድ ሽማግሌ እንግዳ እንዲያውም ኮፍያውን አውልቆ አንገቱን ደፋ።

አራት ቀጫጭን መጻሕፍት አሏት። ያሳተማቸው ሃምፍሬይ የሚባል፣ ከማስተማር ጡረታ ወጥቶ በጓሮው ጎጆ አሮጌ የማተሚያ መኪና ተክሎ የሚኖር ሰው ነው። ኦስሊ ውስጥ ግማሹን ሰው ስላስተማረ ዛሬም መምህር ነው የምንለው። እያንዳንዱን መጽሐፍ ሦስት መቶ ቅጂ ያትማል፤ ከዚያ በላይ ቢያትም ጎጆው አይችልም። አንዴ አንድ ትልቅ ከተማ ግጥም እንድታነብ ጠርተዋት አሥራ አንድ ሰው መጣ፤ ሁለቱ የጂምናስቲክ ክፍል መስሏቸው በስሕተት የገቡ ነበሩ። ይሉኝታ ይዟቸው የስፖርት ልብሳቸውን እንደለበሱ እስከ መጨረሻው አዳመጡ። አቭሪል ይህን ስትነግረን መቅዘፊያውን እስክትለቅ ትስቅ ነበር። ከመጀመሪያው መጽሐፏ ያለችውን አንዷን እኔ በቃሌ ይዣታለሁ፤

ጉሙ ወረደ፤ ወንዙ የት እንዳለ
ውሃው ራሱ ረሳው።
ቀዘፍኩ፣ ቀዘፍኩ፣
ማንም ያልነበረበት ዳርቻ
እጁን ዘርግቶ ተቀበለኝ።

ባሏ ክላይቭ ግን አንድም መጽሐፏን አላነበበም። ሠላሳ ዓመት ስኳር ፋብሪካ ሠርቶ ጡረታ የወጣ፣ ከዚያ ወዲህ ልቡን ለአትክልት የሰጠ ሰው ነው። ፎሶሊያውና ባሮ ሽንኩርቱ በየዓመቱ በመንደሩ ውድድር ይቀርባሉ።

«ክላይቭ፣ አንድ ነገር ላንብብልህ?» ትለዋለች።

«ስለ ፎሶሊያ ነው?»

«አይደለም።»

«እንግዲያው ሻዩ ይቅደም።»

በዚህ ተግባብተው አርባ አንድ ዓመት ኖሩ። ማንም የተከፋ አይመስልም ነበር።

አቭሪል ስልሳ ሦስት ዓመት በሞላት ዓመት፣ በግንቦት መጨረሻ፣ አንድ ጠዋት እንደተለመደው ደወሉን ጎተትኩ። ጉም ነበር። በእኛ አገር ጉም ከባሕር የሚገባው ዝም ብሎ ነው፤ ረግረጉን፣ ደንገሉን፣ የታሰሩትን ጀልባዎች አንድ በአንድ ይሸፍንና ድምፅን ሁሉ በጥጥ ይጠቀልላል። ጀልባዋ ላይ እኔና ብስክሌት የያዘች አንዲት እንግዳ ሴት ብቻ ነበርን። ውሃው ወደ ባሕር መመለስ ጀምሯል። የአቭሪል ከንፈር ይንቀሳቀሳል፤ ስለዚህ ዝም አልኩ። መካከል ላይ ስንደርስ ከንፈሯ ቆመ። ቀጥሎ ቀኝ እጇ ቆመ።

መቅዘፊያውን ትክ ብላ አየችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ «ማንኪያው ተኛ» አለች።

እኔ ግጥሙ መስሎኝ ሳቅኩ። ያ ሳቅ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

«ማንኪያው… ግራሃም፣ ማንኪያው…» ስትል የፊቷ ግማሽ እንደሚቀልጥ ሰም ወረደ። እንግዳዋ ሴት ከእኔ ቀድማ ገባት። ብስክሌቱን ወርውራ አቭሪልን በጭኗ ላይ አስተኛቻትና ስልኳን አወጣች። እኔ መቅዘፊያውን ያዝኩ። ስንት ሺህ ጊዜ የተሻገርኩት ወንዝ ነው! መቅዘፊያ ግን ይዤ አላውቅም ነበር። ውሃው እኛን ይዞ ወደ ባሕሩ አፍ መንሸራተት ጀመረ። የቱ ዳር የእኛ እንደሆነ በጉሙ ውስጥ አይታየኝም። እቀዝፋለሁ፣ ጀልባዋ ትዞራለች፤ እቀዝፋለሁ፣ ትዞራለች። አቭሪል ዐይኗን ገልጣ ነጩን ሰማይ ትመለከት ነበር። አልፈራችም። አንድ ረጅም ጽሑፍ እንደምታነብ ዐይኗ ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል።

ከመሳፈሪያው ግማሽ ማይል ያህል ዝቅ ብሎ ካለ ደንገል ውስጥ ተሰካን። አምቡላንሱን ይዘው የመጡት ልጆች እስከ ጉልበታቸው ጭቃ እየገቡ በቃሬዛ አወጧት። ብስክሌቱ ወንዝ ውስጥ ቀረ።

ጭንቅላቷ ውስጥ አንድ የደም ሥር ተዘግቶ ነው አሉን። ሰባት ሳምንት ሆስፒታል ተኝታ ወጣች። እግሯ በዱላ ይሄዳል፣ ቀኝ እጇ ግን ገና ነበር። ቃላቱ ደግሞ… በየሳምንቱ እቤት እየመጣች የምታያት ሱኒታ የምትባል ወጣት የንግግር ባለሙያ ለክላይቭ እንዲህ አለችው፤ «ቤቱ አልተቃጠለም። ዕቃው ነው የተዘበራረቀው። ሳህኑ አልጋ ውስጥ ነው፣ ጫማው መሳቢያ ውስጥ። እርሳቸው የሚፈልጉትን በደንብ ያውቁታል፤ እጃቸውን ሲሰዱ ግን የሚያገኙት ሌላ ነው።»

ክላይቭ መጀመሪያ አልገባውም። ወይም ገብቶት አልተቀበለም። በመስኮቱ ሆና ወደ ውጭ እየጠቆመች «ዳቦው ሞላ» ስትለው፣

«ወንዝ በይ። ወንዝ።»

«ዳቦ።»

«ዳቦ የሚበላው ነው። ያ ወንዝ ነው። ወ-ን-ዝ።»

«ዳ-ቦ!» ትለዋለች እያሾፈችበት፣ ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። የባሏን ስም እንኳ አላገኘችውም። እሱን ስትጠራ «በር» ነው የምትለው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት «በር! በር!» ስትል ተነሥቶ የቤቱን በር ሁሉ ሲከፍትና ሲዘጋ ይውል ነበር። እሱን መጥራቷ እንደሆነ ሲገባው ወደ ሥራ ቤቴ መጥቶ፣ «አርባ አንድ ዓመት ኖሬ ኖሬ በር ሆኜ ቀረሁ» አለኝ። ትንሽ አሰበና «ቢያንስ የድመት መሹለኪያ አላለችኝም» ብሎ ጨመረበት።

ነገሩ የተለወጠው በሰማያዊው በግ ቀን ነው። ጠዋት ኩሽና ተቀምጣለች።

«ሰማያዊ በግ» አለችው።

«ምን አልሽ?»

«ሰማያዊ በግ። ሰማያዊ… በግ!»

ክላይቭ በመስኮት አየ፤ በግ የለም። ሰማያዊ ብርድ ልብስ አመጣላት፤ ወረወረችው። ሰማያዊ ሹራቧን አመጣ፤ ወረወረችው። ሰማያዊ ጎድጓዳ ሳህን አመጣ፤ እንባዋ መጣ። በመጨረሻ ዱላዋን ይዛ ራሷ ተነሥታ፣ ምድጃው ጋ ደርሳ እጇን ማንቆርቆሪያው ላይ አሳረፈች። ሻይ ነበር የፈለገችው።

«ማንቆርቆሪያው?» አለ ክላይቭ። «ማንቆርቆሪያው እኮ ቀይ ነው፣ አንቺ ሴትዮ!»

ማንቆርቆሪያውን አየችው። እሱን አየችው። ከሆስፒታል ከወጣች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች፤ እሱም አብሯት ሳቀ፤ ወንበር ይዘው እስኪቀመጡ ድረስ።

የዚያን ዕለት ክላይቭ የፎሶሊያ ደብተሩን አወጣ። ምን መቼ እንደተዘራ፣ መቼ በረዶ እንደመታው የሚጽፍበት ደብተር ነው። ገጽ ገልብጦ በትልልቅ ፊደል፣ «ሰማያዊ በግ፦ ማንቆርቆሪያ። ዳቦ፦ ወንዝ። ማንኪያ፦ መቅዘፊያ፣ አንዳንዴ ጀልባዋ። በር፦ እኔ» ብሎ ጻፈ። ከዚያ በኋላ ማረሙን ተወው። የማያውቀው ቃል ሲገጥመው ደብተሩን በኪሱ ይዞ በየቤቱ ይጠይቃል። «እርጥብ እሑድ ማለት ምን ይመስልሃል? ትናንት ሦስት ጊዜ አለችው።» መላው ኦስሊ ገባበት። የሱቋ ሴት «ሁለት ደመና» ስትባል ሳትጠይቅ ሁለት እንቁላል ትሰጣት ጀመር። እርጥብ እሑድ ምን እንደሆነ ግን ማንም አልደረሰበትም። ክላይቭ ከአጠገቡ የጥያቄ ምልክት አደረገበት።

ጥቅምት ላይ ዝናቡ ሲገባና የፎሶሊያው እንጨት ሲነቀል፣ ክላይቭ አራቱን መጻሕፍት ከመደርደሪያ አወረደ። የፈለገው ፍንጭ ነበር፤ ለጥያቄ ምልክቱ መልስ ይገኝባቸው ይሆናል ብሎ ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ አንዱን መጽሐፍ በካፖርቱ ውስጥ ደብቆ ወደ እኔ መጣ። ዓሣ እየሰቀልኩ ነበር።

«ግራሃም፣ አንተ እነዚህን አንብበሃቸዋል?»

«አዎ።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

«እና እኔ እንዳለሁባቸው ለምን አልነገርከኝም?»

«ያወቅክ መስሎኝ ነዋ!»

መጽሐፉን ገለጠ። ካልሲውን ሳያወልቅ ስለሚተኛ ባል የሚናገር ግጥም ነው፤ በእንቅልፉ እንኳ ለመንገድ እንደተዘጋጀ ሰው፣ ማን እንደሚጠራው የማይታወቅ።

«እግሬን ስለሚቀዘቅዘኝ ነው» አለ ክላይቭ። «ሌላ ምንም የለም። እግሬን ስለሚቀዘቅዘኝ። እሷ ግን ይህን ሁሉ ዓመት ትቼያት የምሄድ መስሏት…» አልጨረሰውም። የማይበላውን ዓሣ ሁለት ገዝቶ ሄደ። ከዚያ ቀን ወዲህ ባዶ እግሩን እንደሚተኛ የአቭሪል የወንድሟ ልጅ ታምሲን ነገረችኝ። አቭሪል ገና እግሩ ሲነካት እየጮኸች እንደምትነሣም ጨምራ ነገረችኝ።

ይህች ታምሲን አበባ እርሻ ውስጥ ትሠራ የነበረውን ሥራ ትታ በሚቀጥለው የፀደይ ወራት ጀልባዋን ተረከበች። እስከዚያ ድረስ ሁላችንም በመኪና ነበር የምንዞረው። ጥሩ ቀዛፊ ናት፤ ወሬዋ ግን ከስልሳ ቅዝፊያ በላይ ነው። በሚያዝያ አንድ ጥርት ያለ ጠዋት አቭሪልን ደግፈን ከኋላ አስቀመጥናት። ክላይቭ አጠገቧ ነበር። ታምሲን መቅዘፍ ጀመረች። አምስት፣ ስድስት ቅዝፊያ ያህል እንደሄድን አቭሪል አፏን ከፈተች።

«ጉሙ ወረደ» አለች። «ወንዙ የት እንዳለ፣ ውሃው ራሱ ረሳው…»

አንድም ቃል አልተሳሳተችም። ድምፅዋ የድሮው ድምፅዋ ነው። ታምሲን ደንግጣ መቅዘፉን ብታቆም ግጥሙም ቆመ፤ ብትጀምር ከቆመበት ቀጠለ። አንዱን ጨርሳ ሌላ፣ ሌላውን ጨርሳ ሌላ፣ ማዶ እስክንደርስ። ክላይቭ እንደ ሕፃን እያለቀሰ እጇን ይስማል። አብረውን የነበሩ ሁለት እንግዶች አጨበጨቡ።

እኔ ፊት ለፊቷ ስለነበርኩ ፊቷን አየሁት። ደስታ አልነበረም። ሰው የሞተ ዘመዱን ልብስ ሌላ ሰው ለብሶት ሲያይ እንደሚሆነው ያለ ነገር ነበር።

«አሮጌ» አለች ስታቆም። «አሮጌ። የሞተ… ካፖርት።»

ሱኒታ በኋላ ስታስረዳን፣ በቃል የተያዘና በምት የሚሄድ ነገር የሚቀመጠው በሌላ ጓዳ ነው፣ ያ ጓዳ አልተነካም አለች። ታምሲን ግን ሞቅ አላት። «አክስቴ፣ በየቀኑ ለምን አናደርገውም? እንግዳው ሁሉ ይወደዋል እኮ! ሰልፍ ነው የሚሆነው!»

«አይ» አለች አቭሪል። ያኔ ከነበሯት ቃላት ሁሉ እንደዚያ ጥርት ያለ አልነበረም።

እቤት ሲገቡ የክላይቭን ኪስ በግራ እጇ ጎተተች። ደብተሩን አወጣላት። ባዶ ገጽ ገልጣ እርሳሱን እጁ ውስጥ አስጨበጠችው። ያን ቀን የተጻፈው አንድ መስመር ብቻ ነው። በሳምንቱ አምስት ሆነ፤

ዳቦው ዛሬ ሰፊ ነው።
በሩ ቆሞ ዝናቡን ያያል።
ሁለት ደመና ስጡኝ፣
አንዱን ለማንኪያዋ፣
አንዱን ገና ላልተወለደችው እጄ።

እንግዲህ ክላይቭ ጸሐፊ ሆነ። እሷ ትላለች፣ እሱ ይጽፋል፣ መልሶ ያነብላታል። አንዲት ፊደል ካሳመረ እጁን ትመታዋለች። አምስት መስመር ሳምንት ይፈጅባቸዋል። እኔ በመስኮታቸው ሳልፍ ሁለቱ አንገታቸውን ደፍተው፣ ቀዩ ማንቆርቆሪያ ከኋላቸው እየጨሰ፣ አንድ ቃል ሲያገላብጡ አያለሁ። ያን የበጋ ወራት እንደ ሕልም ነው የማስታውሰው። ማለዳ ከውሃው ላይ እንፋሎት ሲነሣ፣ ባሕሩ ገብቶ ወንዙ በሁለቱ ዳር መካከል እንደ ሊጥ ኩፍ ሲል፣ ታምሲን ስለ አበባ እያወራች ስትቀዝፍ፣ እኔ ትኩስ ዳቦ ይሸተኝ ነበር። ለማንም አልተናገርኩም። አንድ ቀን ግን የሱቋ ሴት ራሷ፣ «ግራሃም፣ ውሃው ዳር ስትቆም አንተንም ይሸትሃል?» አለችኝ።

መከር ሲገባ ደብተሩ ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ግጥም ተጠራቀመ። ክላይቭ መምህር ሃምፍሬይን ጠራው። እኔም ዓሣ ላደርስ ሄጄ ስለነበር ቁጭ አልኩ። ሽማግሌው መነጽሩን አድርጎ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ዝም ብሎ አነበበ። ከዚያ ከደረት ኪሱ እርሳስ አወጣ።

«ድንቅ ነው» አለ። «እዚህ እዚያ ብቻ… ይህ ዳቦ ማለት ወንዝ ነው አይደል? ወንዝ እናድርገው። ይህም መቅዘፊያ ቢባል ይቃናል።»

«ዳቦ» አለች አቭሪል።

«አዎ፣ ገብቶኛል አቭሪል፣ ግን አንባቢው…»

«ዳቦ!»

«መምህር፣» አለ ክላይቭ፣ «እሷ ዳቦ ካለች ዳቦ ነው።»

«ክላይቭ፣ አንተ በግጥም ነገር…» ብሎ ሃምፍሬይ ራሱን ገታ። ደግ ሰው ነው። «ሠላሳ ዓመት ግጥሟን ሳትም ኖርኩ። አንዲት ነጠላ ሰረዝ ያለ ቦታዋ አስቀምጣ አታውቅም። አሁን ሰው ይስቅባታል። በእሷ ላይ ሲሳቅ ማየት አልፈልግም።»

«ይሳቅ!» አለ ክላይቭ። «እርስዎ ምን አስፈራዎት? እኔ በጉ ማንቆርቆሪያ ሲሆን ስቄአለሁ። ምንም አልሆንኩም፤ እንዲያውም የዳንነው ያኔ ነው።»

አቭሪል ግራ እጇን ዘረጋች። ከሃምፍሬይ ጣቶች እርሳሱን ቀስ አድርጋ ወሰደችው። መስኮቱ ላይ ክላይቭ ፎሶሊያ ያበቀለበት ማሰሮ አለ። እርሳሱን እንደ ድጋፍ እንጨት አፈሩ ውስጥ ሰካችውና የፎሶሊያውን ሐረግ ጠመጠመችበት። ሽማግሌው አያት፣ አያት፣ ከዚያ መነጽሩን አወለቀ። «እሺ። እንዳለ ይታተም» አለ።

«ሁለት ደመና» የምትባለው መጽሐፍ ወጣች። የምረቃው ዕለት ሲምስተን ያለችው ትንሿ ጸሎት ቤት ከሰዓት በኋላ ጢም አለች። ስልሳ ሰው ይሆናል፤ ታምሲን ስድስት ጊዜ ተመላልሳ ነው ያሻገረችን። አቭሪል ኮፍያዋን አድርጋ ከፊት ተቀምጣለች፤ የሚያነበው ክላይቭ ነው። የሚያነበውም የዘር ፓኬት ጀርባ ላይ ያለውን መመሪያ እንደሚያነብ ሰው ነበር፤ ቀስ ብሎ፣ ምንም ሳይጨምር። ሰባተኛው ግጥም ላይ ደርሶ ምናልባት ደክሞት፣ «ወንዙ ሄደ፣ ትራሴን ይዞ…» ሲል፣

«ዳቦው!» አለ ከኋላ አንድ ሰው።

«ዳቦው! ዳቦው!» አለ አዳራሹ ሁሉ፤ የሱቋ ሴት፣ ታምሲን፣ ሱኒታ፣ እኔም ጭምር። መምህር ሃምፍሬይ ተነሥቶ ቆሞ ነበር የጮኸው። ክላይቭ እንደ በርበሬ ቀልቶ፣ «ይቅርታ። ዳቦው ሄደ፣ ትራሴን ይዞ» ብሎ አረመ። አቭሪል ጤነኛ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች።

ሁሉም ሰው ወደዳት ብዬ አልዋሽም። «የታመመች ሴት መጫወቻ ሆነች» ብሎ ለሃምፍሬይ ደብዳቤ የጻፈ ሰው አለ። እኔ ራሴ ምርጫ ቢሰጠኝ የድሮዎቹን እወስዳለሁ። ይህንንም ነግሬአታለሁ። ትከሻዋን ከፍ ዝቅ አደረገችና አፍንጫዋን ያዘች፤ ጭስ ጭስ እንደምሸት ለማስታወስ።

በሁለተኛው ክረምት፣ አንድ ጠዋት በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየች፣ «ወንዝ» አለች።

ክላይቭ ምድጃው ጋ ነበር። «ምን አልሽ?»

«ወንዝ። ወንዝ ነው… ስሙ።» ራሷም ደንግጣለች።

ወዲያው ለሱኒታ ደወሉ። ከዚያ በኋላ ቃላቱ እንደሚመለሱ ወፎች ሆኑ፤ ዛሬ አንድ፣ ነገ ሦስት፣ አንዳንድ ሳምንት ምንም። መቅዘፊያ መጣ። እንቁላል መጣ። «ክላይቭ» ብላ ስትጠራው ሰውዬው መልስ እስኪሰጥ ጊዜ ወሰደበት፤ ሌላ ሰው የገባ መስሎት ነበር። እርጥብ እሑድ ምን ነበር ብሎ ጠየቃት። አሰበች፣ አሰበች፤ አላስታወሰችም።

ግጥሞቹ ግን እየቀሩ ሄዱ። ቃላቱ ወደ ቦታቸው በተመለሱ ቁጥር ደብተሩ ውስጥ የሚገባው አነሰ፣ በዓመቱ ደግሞ ጭራሽ ቆመ። ሃምፍሬይ በጨዋ አንደበት ቢጠይቃት፣ ቀስ እያለች፣ እየፈለገች እንዲህ አለችው፤ «ያኔ ቃል ሁሉ… ቤት አልነበረውም። ማንም ጋ… ያድራል። አሁን ቤት አላቸው። ሂዱልኝ… አልላቸውም።» ከእሷ ይልቅ ያዘነው ክላይቭ ነው። ደብተሩን ዛሬም ይዞ ይዞራል፤ የሚጽፍበት ግን ፎሶሊያ ብቻ ነው። አንዳንዴ እርሳሱን ይዞ አፍ አፏን ሲያይ ትነቃበታለች። «አትጠብቅ፣ ሰውዬ። ሻይ ነው የምጠይቅህ» ትለዋለች።

ዘንድሮ ሐሙስ ሐሙስ ሲምስተን ተሻግራ በአውቶቡስ ወደ ከተማ ትሄዳለች። እዚያ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ሱኒታ እንደ እሷ ቃል የጠፋባቸውን ሰዎች ታሰባስባለች። ከእነሱ አንዱ ዴሪክ የሚባል የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ይህ ሰው ያለው ቃል አንድ ብቻ ነው፦ ማክሰኞ። ሲራብ ማክሰኞ ነው፣ ሲናደድ ማክሰኞ ነው፣ ሚስቱን ሲጠራም ማክሰኞ። ሌሎቹ ያዝኑለታል። አቭሪል ግን ወንበሯን ስባ አጠገቡ ትቀመጣለች። ታሪኩን ከሚስቱ የሰማችው ሱኒታ እንደነገረችኝ ባለፈው ወር ሰውዬው ሙሉ ሽንኩርት የጫነ መኪና እንዴት እንደተገለበጠበት፣ ሽንኩርቱ ቁልቁለቱን እንዴት እንደተንከባለለ፣ ፖሊሱ እንዴት እንዳለቀሰ፣ ሁሉን በዚያች በአንዲት ቃል ከፍ ዝቅ እያደረገ ሲተርክላት፣ እሷ መሳቅ ባለባት ቦታ ሁሉ ስትስቅ ነበር።

ባለፈው ሐሙስ አብረን ተሻገርን። ውሃው ሙሉ ነበር፤ ታምሲን እንደ ልማዷ ታወራለች። አቭሪል ከኋላ ተቀምጣለች። ብዙ ጊዜ ሳላየው የቆየሁትን ነገር አየሁ፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ታምሲንን በዐይኔ ብጠቅሳት ዝም አለች። ማዶ ስንደርስ አቭሪል ክንዴን ይዛ ወረደች፤ ዱላዋን አስተካከለችና፣

«ግራሃም» አለችኝ፣ «በዓለም ላይ ስንት ዓይነት ማክሰኞ እንዳለ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«እኔም… ገና አሥራ አራተኛው ላይ ነኝ» ብላ አውቶቡሱ እንዳያመልጣት በአቀበቱ መንገድ ፈጠን ፈጠን እያለች ሄደች።